ቱቦው ያለቀሰልህ ሰሞን

አበራዬ፣

ይድረስህ የምለው ወዴት እንደሆነ ባላውቅም፣ ባለህበት ነፍስህ አርፋ እንደሆነ ብዬ ልጀምር። ከተለያየን መንፈቅ ሞላ። ባለፈው እሑድ መንፈቅህን አወጣን፤ ካህናቱ ጸሎት አደረሱልህ፣ ጎረቤቱም ቀምሶ መርቆ ተበተነ፣ እኔም ዕቃዬን አጥቤ ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲህ ይህን ደብዳቤ እየጀመርሁ እተወዋለሁ። ሐዘን ብቻ ቢሆን በለመድሁት። አንድ ነገር ሠርቻለሁ፣ ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም። ለአንተ የምነግርህም ስለማትቆጣ ሳይሆን፣ ብትቆጣም ስለማልሰማህ ነው።

ነገሩ ስለዚያ ምድጃህ ነው።

አበርገሌ ቆላ ውስጥ መኪና ስትነዳ ኖረህ ወደ ሰቆጣ ስትመለስ ብርዱ አልስማማህ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለህ። ሰው በነጠላ ሲሄድ አንተ ሁለት ጋቢ ደርበህ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም «ቆለኛው ባሌ» እያልሁ እስቅብህ ነበር። መሳቄ ሳያንሰኝ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳሎኔ መሐል አሮጌ የነዳጅ በርሜል ቆሞ አገኘሁት። ሆዱን ቆርጠህ በር አበጅተህለታል፣ ከበሩ ሥር ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳና መዝጊያ፣ ከላይም ክዳን ሠርተህለታል፣ ከላሜራ ያስጠቀለልኸውን ቱቦ ደግሞ ቆርቆሮውን በስተህ ወደ ሰማይ አውጥተኸዋል። በሰፈራችን ከዳቦ ቤቱ በቀር ቱቦ ያለው ቤት አልነበረም። በልቤ እየኮራሁ በአፌ ግን «ቤቴን ዳቦ ቤት አደረግኸው» አልሁህ። አንተም እንግዳ በመጣ ቁጥር የደብር ጉልላት እንደሚያሳይ ሰው ወደ ቱቦው በጣትህ ታሳይ ነበር።

ምድጃው በበረደ ቀን ቱቦውን ነቅለህ ጓሮ ትወስደዋለህ፤ የእሾህ ጭራሮ በገመድ አስረህ በሆዱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ትጎትትበታለህ። ከዚያ የወጣውን ጥላሸት በመዳፍህ ይዘህ፣ ደብተር በማርምበት ጠረጴዛ ላይ መጥተህ ታሳየኛለህ። በተማሪዎቼ ደብተር ላይ ስንት የጣትህ አሻራ ቀርቷል! ግራጫ ሆኖ እንደ ዱቄት ብን ካለ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ እሳቱም ትንፋሽ አግኝቷል ትለኛለህ። ጠቁሮ ካንጸባረቀና እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ወይም እሳቱን አፍነነዋል። የቱቦው እግር ወደ ሰማያዊ ከሄደ ከልክ በላይ አንድደናል። ከላይ ቀይ ዝገት ከወረደ ቆቡ ዝናብ እያስገባ ነው። እኔ «የሚስትህ ፊት ሲጠቁር ለይተህ አታውቅ፣ የቱቦ ፊት ታነባለህ» እልህ ነበር። ትስቅና ጥላሸቱን አፍንጫዬ ላይ ትቀባኝ ነበር።

አንዱን ነገር ግን ደጋግመህ ነገርኸኝ። ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ይግባ አልኸኝ። እኔ ደግሞ ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ የላዩ የታቹን ይሸፍን የለም ወይ ብዬ ተከራከርሁህ። ያን ጊዜ ያልኸኝን አልረሳውም። የጣሪያ ዝናብ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የጭስ ዝናብ ግን ከውስጥ ነው፤ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ በቱቦው ሆድ ይወርዳል፣ የላዩ በታቹ ውስጥ ከገባ ተመልሶ እሳቱ ውስጥ ይወድቃል፣ የላዩ የታቹን ከሸፈነ ግን በመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይፈሳል አልኸኝ።

ሐምሌ ላይ አንተ ታመምህ፣ ሳንጠግብህም ሄድህ። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ምንጣፍ ይነጠፋል። ወንዶቹ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ካወጡ በኋላ ምድጃህንም ቱቦውን ነቅለው አወጡት፤ መሐል ቤት ቆሞ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ቦታ አሳጥቶ ነበር። ከሠልስት በኋላ መልሰው አስገቡት። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ቱቦውን ገጣጥመው አቆሙልኝ። ግን እንደ እኔው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጣሪያ ሲመቱ የኖሩ ሰዎች የላዩን በታቹ ላይ አልብሰው ገጠሙት። ለለቅሶው ተብሎ የተቆረጠው ባሕር ዛፍም ገና ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ሲጠርቡት ውሃ የሚያወጣ ነበር። ከአጥር ጥግ ከምረውልኝ ሄዱ።

እኔም ያን እንጨት ማንደድ ያዝሁ። ቤቱ ሲቀዘቅዝ አለመኖርህ ይጠናብኛል። ስለዚህ እሳቱ ቶሎ እንዳያልቅብኝ የነፋስ መግቢያውን ጠበብ አድርጌ ዘግቼ፣ ሳይነድ ሳይጠፋ እያጨሰ እንዲውል አደርገው ነበር። አንተ ብታየኝ ትጮኽብኝ ነበር።

አርባህ ካለፈ በኋላ ሰው መምጣት ተወ። አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም ኑሮ አለው። ልጃችን ከዓረብ አገር የምትደውለው አሠሪዋ ስትፈቅድላት ብቻ ነው። «የሞተ ተጎዳ» ይላሉ፤ እኔ ግን የቀረው የሚጎዳው ሰው ከበር የቀረ ቀን መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን ጥሩዬ እሳት ልትጭር ገብታ ቱቦው ላይ ዓይኗ ቀረ። ከመጋጠሚያው ሥር ቡናማ ነገር በሁለት መስመር ወርዶ ነበር፣ ከጉንጭ ላይ እንደ ወረደ እንባ። በእጇ አፏን ይዛ «ውይ ዘነቡዬ፣ የሠራበት ዕቃ እኮ እያለቀሰለት ነው!» አለች። ማታ መንደሩ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ቤቴ ሞላ።

አበራዬ፣ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሽህ። የዚያኑ ቀን፣ ጥሩዬ እንደ ወጣች፣ ጠቋሚ ጣቴን ነክሬ አሸተትሁት። የእርጥብ ጭስ ሽታ ነው፤ ይኮሰኩሳል፣ ይመራል፣ ይጣበቃል። አንተ ያስተማርኸኝ ነው። መጋጠሚያውንም ቀና ብዬ አየሁት፤ የላዩ የታቹን ሸፍኗል። ሁሉም ገባኝ። ግን ሰው መጣ። ዳቦ ይዘው፣ ጠላ ይዘው መጡ፤ ተቀምጠው ስላንተ አወሩ፤ እኔ የማላውቀውን የሾፌርነት ጉድህን ሁሉ ነገሩኝ። አንዱ ከፃግብጂ መንገድ ጭነህ በነፃ ያመጣኸውን በሽተኛ አነሳ፣ ሌላው ጎማ ፈንድቶብህ ሜዳ ላይ ስትዘፍን ማደርህን። በስም ቱቦውን ሊያዩ ቢመጡም ሳቁልኝ፣ አለቀሱልኝ። እኔም የማውቀውን ውጬ ቡና አፈላሁላቸው።

የሰውን ስም ጥላሸት መቀባት ሲባል እሰማ ነበር። እኔ ጥላሸቱን የአንተን ስም ቀባሁት።

የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መጡ። ቀና ብለው ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ጠበል ረጩበት። ትኩስ ላሜራ ስለነበር ጠበሉ ተንጫጫና ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ንስሐ አልገባሁም። ብገባ መጀመሪያ የምናገረው፣ አባቴ ጥላሸት ባርከዋል የሚለውን ነው፤ ይህን በምን አፌ ልበላቸው?

ይህ ሁሉ ግን እናትህ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

እናትህ ወሬው ደርሷቸው ከገጠር በትራቸውን ይዘው መጡ። ለአርባህ ሲመጡ ወገባቸው እንዲያ ጎብጦ አልነበረም። ገቡ፣ ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ተቀመጡ፣ ቱቦውን እያዩ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ያወሩት ጀመር። ኽምጣኛዬ ግማሽ ጎን እንደሆነ ታውቃለህ፣ እየሳቃችሁብኝ ነው ያስተማራችሁኝ። ግን የገባኝ በቂ ነበር። ብርድ ይመታሃል ወይ ነው የሚሉህ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አውጥተው ከቱቦው ላይ የወረደውን ጠረጉልህ፤ ልክ ሕፃን ሳለህ ንፍጥህን እንደሚጠርጉልህ። ነጠላው ጠቆረ። «ተይ እማማ፣ አይለቅም» አልኋቸው። «ይህ እንዲለቅ ማን ፈልጎ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን እየመጡ ይቀመጡ ነበር። ያ ሁሉ ዳገት በዚያ ዕድሜ! እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ደስታዬን ልደብቅህ አልችልም። አንተ እያለህ እኔና እናትህ ያን ያህል አልነበርንም፤ እሳቸው የከተማ ሴት አገባብኝ ይላሉ፣ እኔም እሰማ ነበር። አሁን ግን ሁለታችን አንድ ሰው ናፍቀን አንድ ቱቦ ሥር እንቀመጣለን።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ኅዳር ላይ ዝናቡ ካቆመ ቆይቶ ነበርና እንጨቱም መድረቅ ጀመረ። መስመሩም እየደረቀ ሄደ። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ነገ እናትህ የሚመጡበት ቀን ነው ስል ከክምሩ ሥር እርጥቡን መርጬ አወጣሁ። ከዚያም አልፌ ውሃ ያርከፈከፍሁበት ቀን አለ። ሆን ብዬ፣ አበራ። በእጄ። ቱቦውን አስለቀስሁት። እናትህ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ነው የምለው ለራሴ። ሰው እንዳይቀርብኝ ብዬም ነው። የልጃቸውን እንባ በውሃና በባሕር ዛፍ ሠርቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ያን እንባ ጠርገው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አገራቸው ይዘው ይሄዱ ነበር።

ቱቦው በውስጡ ምን እያጠራቀመ እንደሆነ አላውቅም አልልህም። ያስተማርኸኝ ሰው ነኝ። አላይም ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ እናትህ በብርድ ጠውልገው ገቡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ እጃቸው በትሩን መልቀቅ አቅቶታል። ደነገጥሁ። አንተ ራስህ ፈልጠህ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኸው ደረቅ ወይራ ነበር፤ እሱን ምድጃው እስኪሞላ ከትቼ የነፋስ መግቢያውን ወለል አድርጌ ከፈትሁት። እሳቱ ደስ ብሎት ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ ቱቦው ውስጥ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ እንደ ንፋስ፣ ከዚያ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና። ውስጡ የተጠራቀመው ጥላሸት እሳት ይዞ ቱቦው ከጣሪያው ሥር ቀላ። በመጋጠሚያዎቹ እሳት እየተፋ የጣሪያው ማገር መጨስ ጀመረ።

እናትህ አልሮጡም። ተነሥተው ቆሙና ወደ ቱቦው እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ ተቆጣ» አሉ። «ምን አድርገን ነው ያስቆጣነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም። ብብታቸውን ይዤ ጎትቼ ከደጅ አስቀመጥኋቸው። ተመልሼ የነፋስ መግቢያውንም በሩንም ዘጋሁ፤ ውሃ አትድፊበት ያልኸኝ ትዝ ብሎኝ በአካፋ አመድ እየዛቅሁ በምድጃው ላይኛ ክዳን በኩል አፈሰስሁበት። ማገሩን ብቻ በእርጥብ ጆንያ መታሁት። ሰው ተጠርቶ ከመምጣቱ በፊት ድምፁ እያነሰ፣ ቅላቱም እየጠቆረ ሄደ። ጠፋ። እኔም አመዱ ላይ ቁጭ አልሁ። በልጃቸው ስም አታልዬ ያመጣኋቸውን እናት በልጃቸው ምድጃ ላቃጥላቸው ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እሳቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ እያዩ ይቅር በለን ይሉህ ነበር፤ እኔም አብሬያቸው ይቅር በለን አልሁ። የሁለታችን ይቅርታ ግን አንድ አልነበረም።

በማግስቱ ቱቦውን ነቀልሁት። በጓሮ በኩል ጣሪያው ለእጅ ቅርብ መሆኑ በጀኝ፤ ቆቡንም አወረድሁት። ውስጡ ጉድ ነው። ግማሹ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ፍርፋሪ ሆኗል፣ ያልነደደው እንደ ሬንጅ ጠጥሮ ክንዴን ማሳለፊያ አላስቀረም። የእሾህ ጭራሮህን ፈልጌ አገኘሁት። እየጎተትሁ አለቀስሁ፤ በየት በኩል ላቡ፣ በየት በኩል እንባው እንደሆነ እንጃ። የቱቦው እግር ሰማያዊ ሆኗል፣ መሐሉ ነጣ ብሏል፣ ላሜራውም ሳስቷል፤ ከርሞ መለወጥ ሳይኖርበት አይቀርም። ውጩን በአሸዋና በአመድ ፈተግሁት። መስመሩ ለቀቀ። ከዚያ የላይኛውን በታችኛው ውስጥ እያስገባሁ፣ አንተ እንዳልኸው፣ አንድ በአንድ ገጠምሁት።

ለእናትህም እውነቱን ልነግራቸው ቆረጥሁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ እኔ እስኪጠራ ከምጠብቅ ራሴ ላውጣው ብዬ ነው። የምናገረውን ለራሴ ስለማመደው ሰነበትሁ። እማማ፣ የጭስ ዝናብ ከውስጥ ነው ብዬ ልጀምር አልሁ። ተውሁት። እማማ፣ አታልዬዎታለሁ ብዬ ልጀምር አልሁ።

በገበያው ቀን መጡ። ገቡና እንደ ልማዳቸው ሳይቀመጡ ቱቦው ፊት ቆሙ። ዓይናቸው ስለደከመ ቀረብ ብለው አዩት፣ ከዚያ በመዳፋቸው ከታች ወደ ላይ ዳሰሱት። ንጹሕ ነው፤ ደረቅ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ «እማማ» ብዬ ጀምሬ ነበር።

«አልቅሶ ጨረሰ» አሉ።

እንዲህ ሲሉ ያዘኑ መስሎኝ ነበር። አላዘኑም። ከትከሻቸው ላይ አንድ ሸክም የወረደላቸው ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ተቀመጡ። «ተመስገን። ተቆጥቶ ወጣለት፣ እንግዲህ አረፈ። እሱ ካረፈ እኔ ምን ቤት ነኝ የማለቅሰው? አንቺስ ምን ቤት ነሽ?» አሉኝ። ከዚያም ራበኝ አሉ። አበራዬ፣ አንተ ከሞትህ ጀምሮ እናትህ ራበኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሽሮ አቀረብሁላቸው፤ ጨርሰው በሉት። የከፈትሁትን አፍ እንጀራ ጎረስሁበት።

ለመንፈቅህ ሲመጡ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ለብሰው መጡ። ሰው ጉድ አለ። እናት ዓመት ሳይሞላ ጥቁር ታወልቃለች ወይ ተባለ፤ ጥሩዬ እንኳ ክንዴን ጎሽማኛለች። እናትህ ግን ቀና ብለው «ልጄ ራሱ ፈቅዶልኛል፣ ምራቴ ምስክሬ ናት» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

እንግዲህ ይኸውልህ። ክፉ ሠርቼ ደግ ነገር ወጣበት፤ ክፉነቱ ግን በዚህ ይሰረይ እንደሆነ አላውቅም። ብነግራቸው ያን ነጭ ልብስ ከላያቸው የምገፍፍ እየመሰለኝ እፈራለሁ። ባልነግራቸው ደግሞ ነጩ ልብስ ፊቴ በመጣ ቁጥር አፍራለሁ። ንስሐ አባታችን ዘንድ ለጾሙ እሄዳለሁ፤ የጠበሉን ነገር እንደምንም ብዬ እነግራቸዋለሁ። እናትህን ግን አልቻልሁም። ከእንግዲህም የምችል አይመስለኝም።

ለአንተ ግን ቃል እገባለሁ። እንጨቱን ከክረምት በፊት አስፈልጬ በጥላ አደርቀዋለሁ። እሳቱን አላፍነውም፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝም ይቀዝቅዝ። ቱቦውን እየነቀልሁ እጠርገዋለሁ፣ የወጣውንም ጥላሸት በመዳፌ ይዤ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉ አስታውስሃለሁ። በስምህ ከእንግዲህ ምንም አላስለቅስም። ሳለቅስ በራሴ ዓይን አለቅሳለሁ።

እናትህ አርጅተዋል፤ በሥርዓቱ ከሄደ ከእኔ ቀድመው አንተ ዘንድ የሚመጡት እሳቸው ናቸው። መጥተው ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁህን አውቀዋለሁ፤ ለምን ነው እንዲያ ያለቀስኸው ይሉሃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሚስቴ ናት ብትላቸው እውነት ነው፣ አልቀየምህም። አዎ እናቴ፣ አለቀስሁ ብትላቸው ግን፣ እኔ እዚህ ሆኜ ዋሸ አልልህም።

ሚስትህ ዘነቡ